ሠላሳ ቁጥር ወይስ ሃምሳ ቁጥር ዘይት?

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው መናገሬ፣ ኋላ "ምነው ወንድ ልጅ ሆነህ!" የሚለኝን አንባቢ ከወዲሁ ለመገላገል ነው። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ እናቴ ግን ደብረ ብርሃን፣ እኔ ነጌሌ ቦረና ስለነበርን ፍርሃቴ ለእሷም ሳይሆን ለብቻዬ ቀረ። እባብ እፈራለሁ። ጅብ እፈራለሁ። አለቃ እፈራለሁ። ቀንዳም ከብት እፈራለሁ፤ ይህ ደግሞ ለከብት ሕክምና ሠራተኛ ደግ ነገር አይደለም። ከሁሉ የባሰው ግን፣ እንዳትስቁብኝ፣ የሞተር ዘይት እፈራለሁ።

እባብ የሚፈራ ሰው ብዙ ጓደኛ አለው፤ ተሰብስበው ስለ እባብ ሲያወሩ ይመሽላቸዋል። የሞተር ዘይት የሚፈራ ግን ለማን ያወራል? ስለዚህ ለእናንተ ላውራ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ነጌሌ የከብት ሕክምና መሥሪያ ቤት ውስጥ የክትባት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ብዙ ሰው የማዝ እንዳይመስላችሁ። እኔ ነበርኩ፤ አንዲት ጂፕ ነበረች፤ ጎዳና የሚባል የክትባት ሠራተኛ ነበር። ጎዳና የቦረና ተወላጅ ነው፤ በነሱ ዘንድ ጎዳና የወንድ ልጅ ስም ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሊጎበኙን የመጡ ትልቅ ሰው "ለመሆኑ እዚህ አገር ጎዳና አለ?" ቢሉኝ፣ "አንድ አለ ጌታዬ፣ እሱም ክትባት ሊወጋ ሄዷል" ብዬ መልሼ ቀልደኛ ተባልኩ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም፤ ስፈራ ያለውን ነው የምናገረው።

የምንወጋው ደስታ ለሚባለው የከብት በሽታ ነበር። በረት ሙሉ ከብት በአንድ ሳምንት ጠራርጎ የሚወስደውን ወረርሽኝ "ደስታ" ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነ አላውቅም። እንደኔ ያለ ፈሪ መሆን አለበት። በክፉ ስም ቢጠራው የሚቀየመው መስሎት አቆላመጠው። ያም ሆነ ይህ፣ በዚያ ዓመት በጋ ላይ ደስታ ከወደ ደቡብ እየመጣ ነው ተባለ፤ እኛም ለዘመቻ ተነሣን።

ከዘመቻው በፊት ጂፗ መታየት ነበረባት። የሸጠልን ኩባንያ ሻሸመኔ ላይ ጋራዥ ነበረው፤ በወደራ በኩል አድርጌ፣ አቧራዬን ለብሼ፣ እዚያ ወሰድኳት። ጋራዥ አልኩት እንጂ ሆስፒታል ነው። ወለሉ ይታጠባል። ሠራተኞቹ ነጭ ካፖርት ይለብሳሉ። የጋራዡ ሹም አቶ ተካልኝ ይባላል፤ ቀጠን ያለ፣ ጢሙን የተከረከመ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ደግሞ ያስፈራኛል፤ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ያለ ይመስለኛል።

"ይህች መኪና የምትጠጣው ሠላሳ ቁጥር ዘይት ብቻ ነው" አለኝ።

"ሌላ ብትጠጣስ?"

"ሞተሩ ይነክሳል።"

"ማንን?"

እውነቴን ነው የጠየቅኩት። መካኒኮች እንዲህ እንደሚሉ አላውቅም ነበር። አቶ ተካልኝ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "ራሱን" አለኝ። ዘይቱ ካልተስማማው ብረቱ ከብረት ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሞተር መሆኑ ይቀራል። ራሱን የሚነክስ ነገር ሌላውን ይምራል ብዬ አላመንኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪ ስጨብጥ እግሬን ወደ ኋላ ሰብሰብ አደርግ ነበር።

"ሁለት ዓይነት ዘይት ብቀላቅልስ?"

"የሰው ደም ዝም ተብሎ ይቀላቀላል?" አለኝ፣ ድምፁን ጭራሽ ዝቅ አድርጎ። "ደግሞ አደራ፣ ኮፈኑን ከኛ በቀር ማንም እንዳይከፍተው። ሌላ ሰው የነካው እንደሆነ ኩባንያው የሰጠው ዋስትና ይቀራል።"

ዋስትና ሲለኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ለእኔ ኩባንያ ማለት እንደ ንስሐ አባት ነው፤ ያሰረውን ያሰረ፣ የፈታውን የፈታ። ዘይቱን ቀየሩልኝ፣ መጠባበቂያ አንድ ቆርቆሮ ሠላሳ ቁጥር ሰጡኝ፣ እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ነጌሌ ስደርስ ጎረቤቴ ዓሊ በር ላይ ጠበቀኝ። ዓሊ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከሻኪሶ እስከ ዶሎ ያልረገጠው ድንጋይ የለም። ቆርቆሮውን ከእጄ ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ።

"ሠላሳ ቁጥር? ይሄ እኮ የደጋ ዘይት ነው! እዚህ ቆላ ሲወርድ ሻይ ነው የሚሆነው። አንተ ሞተርህን ሻይ ልታጠጣው ነው? እኔ እንዳንተ ያለውን ስንቱን ጎትቻለሁ!"

"ኩባንያው ነው ያለኝ..."

"ኩባንያው የት ነው የሚኖረው? ሻሸመኔ። ሻሸመኔ ሰው ጋቢ ለብሶ ነው የሚያድረው። ሃምሳ ቁጥር፣ ወንድሜ! ሃምሳ!"

ከቤቱ አንድ ቆርቆሮ ሃምሳ ቁጥር አምጥቶ ደረቴ ላይ አስታቀፈኝ። ጎረቤት ስጦታ ሲሰጥ እምቢ ማለትም እፈራለሁ።

እንግዲህ ሁለት ቆርቆሮ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሠላሳውን ይዤ ብሄድና ብጨምረው ሙቀቱ፤ ሃምሳውን ብጨምረው ኩባንያው፤ ተሳስቼ ሁለቱን ብቀላቅል ደም ከደም። እራት አልበላልኝ አለ። ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነበር፤ ሽሮው ፊት ለፊቴ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ጠቢብ የሚያሰኝ ውሳኔ ወሰንኩ፦ ሁለቱንም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸው ስመለስ በሰከነ አእምሮ ልመርጥ። ሞተሩ ውስጥ ኩባንያው የጨመረው አዲስ ዘይት አለ፤ ምን ይጎድልበታል?

ጂፗ በቆመችበት ግቢ መሬቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አይቼ ነበር። አጎንብሼ በእንጨት ነካካሁት። ዘይት ይመስላል። ግን ኩባንያ ያየውን መኪና እኔ ማን ነኝና ነው የምጠረጥረው? "የድሮ ነው" ብዬ አፈር አለበስኩት።

አሁን ስለ አባ ሊበን ልንገራችሁ፤ ካለሳቸው ይህ ሁሉ ጭንቀት ትርጉም የለውም። አባ ሊበን በአሬሮ በኩል አንድ ትልቅ የውሃ ጉድጓድ ያለበትን አገር የሚመሩ ሽማግሌ ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረው የክትባት ሠራተኛ "እመጣለሁ" ብሎ ከብት አሰብስቦ ቀርቶባቸዋል። ከየአቅጣጫው የመጣ ከብት አንድ ቦታ ታጉሮ ሣር ሳያገኝ ውሎ አድሮ፣ ጥጃ ሁሉ ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት መርፌ ሲባል ሕዝቡ ፊቱን ያዞራል። በሽታው መቃረቡን ሲሰሙ ግን አባ ሊበን ራሳቸው ነጌሌ ድረስ መጥተው ቢሮዬ ገቡ፤ ወንበር ብሰጣቸው ቆመው ቀሩ።

"ቀን ንገረኝ" አሉኝ። "ያልከው ቀን እኔ ከብት ሰበስባለሁ። የመጣህ እንደሆነ ደግ ነው። የቀረህ እንደሆነ ግን ሁለተኛ ሰው ለኔ ቃል አይሰማም። ለኔ ካልሰማ ደግሞ ከብቱ ያልቃል። ገባህ?"

"ገብቶኛል አባቴ። እመጣለሁ።"

አልተቆጡም። አልዛቱም። አዩኝ ብቻ። ያ አስተያየት ከማንኛውም ዛቻ የበለጠ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ቀኑ ደረሰ። ክትባቱ በረዶ ካልነካው ይበላሻል፤ ስለዚህ ሣጥን ሙሉ በረዶ ጭነን ገና ወፍ ሲንጫጫ ወጣን። መንገድ እያልኩ የምጠራው ነገር ቀይ አፈርና ድንጋይ ነው፤ ግራና ቀኙ ግራር፣ በመሀል በመሀሉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ። ጂፗ ትዘላለች፣ እኔ እዘላለሁ፣ በረዶው ይንኳኳል፣ ጎዳና ያንጎራጉራል። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትመጣ፣ ከሰው መንደር ርቀን፣ ምንም የሌለበት ሜዳ መሀል፣ ከመሪው ጀርባ አንዲት ቀይ መብራት ቦግ አለች።

የዘይት መብራት።

ፍሬን እንዴት እንደያዝኩ አላውቅም። ሞተሩን አጥፍቼ እጆቼን አነሣሁ፤ ወንበዴ የያዘው ሰው እመስል ነበር።

"ምነው አለቃ?" አለ ጎዳና።

"ሊነክስ ነው።"

"እባብ ነው?" ብሎ ዱላውን አነሣ።

አስረዳሁት። ሰማኝና በጣም ቀላል ነገር ተናገረ፦ "እንግዲያው ይክፈቱትና ይዩት።"

"አይቻልም። ዋስትናው ይቀራል።"

"ዋስትና ምንድን ነው?"

"መኪናዋ ብትበላሽ መጥቶ የሚያድናት ነው።"

ጎዳና ከመኪናው ወረደ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ በስተምሥራቅ አየ፣ በስተምዕራብ አየ። ከሩቅ አንዲት ሰጎን ትሮጣለች። ሌላ የሚመጣ የለም።

"እዚህ ድረስ ይመጣል?" አለኝ፣ በአክብሮት።

እኔም ዙሪያውን አየሁ። ከነጋ ጀምሮ ይዤው የቆየሁት ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። "ጎዳና፣ እዚህ አካባቢ አንበሳ አለ?"

"አለ።"

"ብዙ ነው?"

"ብዙ አይደለም" አለ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ። "አንበሳ እኮ ብዙ አያስፈልግም።"

ኮፈኑን ከፈትኩት። ስከፍተው አቶ ተካልኝ በነጭ ካፖርቱ ከግራሩ ሥር ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩ፤ እንደ ሁዳዴ ድስት ደርቋል። መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ እባብ አለመኖሩን ሁለቴ አይቼ፣ አንገቴን ከጂፗ ሥር አስገባሁ። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ልቅቅ ብሎ፣ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት፣ ተንጠልጥሏል። ከጫፉ የመጨረሻዋ ጠብታ ወርዳ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ቡሎኑን ሳያጠብቁት ነው የሸኙኝ! እኔ ሠላሳና ሃምሳ እያልኩ እንቅልፍ ሳጣ ዘይቱ ቁጥሩን ሳይናገር መንገድ ለመንገድ ሲያልቅ ነበር።

ቡሎኑን በመፍቻ ቁልፍ አጠበቅኩት። ግን ምን ይሆናል? የሚጨመር ዘይት የለም። ሁለቱም ቆርቆሮ ነጌሌ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ።

ጎዳና ከብት የሚጠብቅ ሰው ፍለጋ ሄደ። እኔ ከበረዶው ጋር ቀረሁ። በረዶው መቅለጡን በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ጠብ። ጠብ። ሣጥኑን በጋቢዬ ሸፈንኩት፤ እኔ ራሴን በምን ልሸፍን? ጂፗ ሸራ እንጂ መስታወት የላትም። አንበሳ ሸራ ይቀድ እንደሆነ አሰላሰልኩ። ሸራ ምን፣ የጎሽ ቆዳም ይቀዳል። አባ ሊበን ፀሐይዋን እያዩ ይሆናል። ሰዎቹ "ያው እንደፊተኛው ነው" እያሉ ይሆናል። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ከጀርባዬ ሸራው ገባ፤ ገባና ወገቤን ጎሰመኝ።

የጮህኩትን ጩኸት ዛሬም አልረሳውም። የማውቃቸውን ጻድቃን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ጠራሁ፤ የማላውቃቸውንም ጨመርኩ። በሣጥኑ ላይ ዘልዬ በሾፌሩ በኩል ስወድቅ በግንባሬ አሸዋ ላይ ተተከልኩ። ቀና ስል አንዲት ረጅም ሴትዮ፣ በእጃቸው በትር ይዘው፣ ቁልቁል ያዩኛል። ሰው መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ሸራውን በበትራቸው የነኩት እሳቸው ናቸው።

"አካም? ናጋ?" አሉኝ። ደህና ነህ ወይ ማለታቸው ነው።

ጎዳና ከኋላቸው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሴትዮዋ ሃዳ ጃተኒ ይባላሉ፤ የጃተኒ እናት ማለት ነው። መንደራቸው ከግራሩ ማዶ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ የራሳቸው ከብት ደግሞ በዚያን ሰዓት ከልጃቸው ጋር አባ ሊበን ዘንድ መርፌ እየጠበቀ ነው።

ጎዳና ችግራችንን በኦሮምኛ ነገራቸው። እሳቸው ጂፗን ዞሩዋት፤ ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩ፤ ከዚያ የገበያ አማርኛቸውን አወጡ።

"ይሄ ምን ጠፋው?"

"ዘይት፣ እናቴ። ቅባት ነው። ብረቱ እንዳይፋተግ።"

"ቅባት" አሉ፣ ቃሉን እያላመጡ። "እንግዲህ ዳዳ ስጠው!"

ዳዳ ማለት ቅቤ ነው። ሳቅኩ። ጎዳና ግን አልሳቀም፤ ሃዳ ጃተኒም አልሳቁም። ሳቄ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጠፋ።

ሰዎች ሆይ፣ እስኪ ፍረዱኝ። የኩባንያው ሹም ሠላሳ ቁጥር ብቻ ያለውን ሞተር፣ ሾፌሩ ሃምሳ ቁጥር ካልሆነ ያለውን ሞተር፣ እኔ ቅቤ ላጠጣው ነው? ቅቤ ስንት ቁጥር ነው? ለጋው ስንት፣ በሳሉስ ስንት? ቢነክስስ? የመንግሥት ጂፕ በቅቤ ገደልክ ተብዬ ስከሰስ ዳኛው ፊት ምን እላለሁ? በሌላ በኩል በረዶው ጠብ ይላል። የአባ ሊበን ዓይን ሆዴ ውስጥ አለ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ሁለት ፍርሃት ሲገናኙ ትልቁ ትንሹን ይበላዋል። ሰው ጀግና ሲባል የምሰማው እንዲህ ሲሆን ሳይሆን አይቀርም፤ ከአቶ ተካልኝ ይልቅ አባ ሊበንን ፈራሁ።

"ቅቤ አለዎት?" አልኳቸው።

ለጎዳና በኦሮምኛ መለሱለት። ጎዳና ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረኝ፤ ቅቤ አላቸው፣ ብዙም ነው፣ ግን ለጃተኒ ሠርግ የተጠራቀመ ነው። ሙሽራ የሚቀባው፣ እንግዳ የሚስተናገድበት። ከዝናብ ማግሥት ጀምሮ ሲንጡ የኖሩት ልፋት ነው። ይህን ስሰማ አፌን መልሼ ለመዝጋት ፈለግኩ። ሃዳ ጃተኒ ግን ወደ በረዶው ሣጥን አመለከቱ።

"መድኃኒት እዚህ ውስጥ ነው?"

"አዎ።"

"ሙቀት ይገድለዋል?"

"ይገድለዋል።"

ሣጥኑን በመዳፋቸው ዳሰሱ። "ላም ካለቀ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ለሠርጉ ቅቤ ቢኖር፣ ከሠርጉ ወዲያ ሙሽራው ምን ይበላል?" ፊታቸውን አዙረው ወደ መንደራቸው ሄዱ። በሣር የተሰፉ የቅቤ ዕቃዎች አስይዘው ከሌሎች ሴቶች ጋር ተመለሱ።

እሳት ተለኮሰ። ቅቤው ቀለጠ። ካናቴራዬን አውልቄ ማጥለያ አደረግኩት፤ ንጹሕ ነበር፣ ይህን ላስመዝግብ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። በሞተሩ አፍ አንቆረቆርኩለት፣ ጠጣ፤ ጨመርኩ፣ ጠጣ። ሞተሩ ሲሞላ መለኪያው ዘንግ ወርቅ ሆኖ ወጣ። መሪው ጋ ተቀመጥኩ፤ እግሬን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አስነሣሁት።

ተነሣ። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ሴቶቹ እልል አሉ። ሃዳ ጃተኒ እጃቸው ላይ የቀረውን ቅቤ እንደ ሙሽራ ግንባር የጂፗን ኮፈን ቀቡትና "ናጋን ጋላ!" አሉን፤ በሰላም ግቡ።

ስለ ሽታው ምን ልበላችሁ? ሞተሩ ሲሞቅ የፋሲካ ዋዜማ ማድ ቤት ሆነ። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ሥጋና ቅቤ ካየሁ ሳምንታት አልፈዋል፣ አሁን ግን ሙሉ ድግስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። በአፍንጫ ጾም ይገደፍ እንደሆነ የምጠይቀው ካህን የለም። ጎዳና በደስታ ሽታውን እየማገ "ዳቦ ቢኖረን!" ይላል። በአንድ መንደር ስናልፍ ውሾቹ እንደ ልማዳቸው ጮኸው አላባረሩንም፤ ጭራቸውን እየቆሉ ተከተሉን። እኔ ግን ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ጥዬ፣ ጓ ባለ ቁጥር "ነከሰ!" እያልኩ፣ ላቤ ከቅቤው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ፣ ስጸልይ ስነዳ፣ ስነዳ ስጸልይ ሄድኩ።

ከጉድጓዱ ዘንድ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አቧራው ሰማይ ነክቷል። ከብቱ የትየለሌ ነው፤ ቀንድ ብቻ። ግማሹ ሰው ከብቱን ለይቶ መንዳት ጀምሯል፤ አንድ ጎልማሳ በአባ ሊበን ላይ እጁን እያወራጨ ይናገራል። አባ ሊበን በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አይመልሱለትም። ጂፗን ሲያዩ ፊታቸው አልተለወጠም። ብቻ በትሩን የያዘው እጃቸው ላላ።

ወርጄ እጅ ነሣሁ። "አባቴ፣ ዘግይቻለሁ..."

"መጥተሃል" አሉኝ። ከዚያ አፍንጫቸውን ወደ እኔ አስጠጉ፣ ወደ ጂፗ አስጠጉ፣ መልሰው ወደ እኔ። "ሠርግ ነበርክ?"

ሣጥኑን ስከፍት በረዶው የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ቀርቷል። ግን ነበረ። ያን ቀን እስኪደነግዝ፣ በማግሥቱም ቀኑን ሙሉ ወጋን። ለማግሥቱ የሚበቃ በረዶ ከየት መጣ የምትሉ ብልሆች ትኖራላችሁ፤ ክትባቱን ከጉድጓዱ ጥልቅ ሥር፣ ውሃው እንደ ደብረ ብርሃን ንጋት የሚቀዘቅዝበት፣ በገመድ አውርደን አሳደርነው። ቀንድ መፍራቴንም ለዚያን ጊዜ የረሳሁት ይመስለኛል፤ ወይም ለመፍራት ጊዜ አላገኘሁም። አንዲት ቀይ ላም ከወጋኋት በኋላ ዞራ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ተለያየን።

ሁዳዴ ሳይወጣ በሽታው ደረሰ። ባልተከተቡት መንደሮች ብዙ አለቀሱ። የአባ ሊበን ሰዎች ከብት ግን ከሞት ተርፎ ቆመ፤ የሃዳ ጃተኒም ቆመ። ቅቤው በምን እንዳለቀ የሰሙት አባ ሊበን፣ መርፌ ያገኘ ቤት ሁሉ አንድ አንድ ዕቃ ቅቤ ለሃዳ ጃተኒ እንዲያደርስ አዘዙ። ጃተኒ ሲያገባ ጎዳና ሄዶ ነበር፤ ሙሽራው ከቅቤው ብዛት ለመጨበጥ ያዳልጥ ነበር አለኝ።

እኔ ግን ደስታዬን አላጣጣምኩም። ነጌሌ እንደገባሁ ቅቤውን አፍስሼ ሠላሳ ቁጥሩን ጨመርኩ። ዓሊ ሃምሳውን አልነካኸውም ብሎ ተቀየመኝ፤ ቅቤ ማድረጌን ብነግረው ምን ሊሆን ነው? ሽታው ግን እምቢ አለ። አለቃዬ ጂፗ ውስጥ በገቡ ቁጥር "ምሳ ሰዓት ደረሰ እንዴ?" ይላሉ። ያ ሁሉ እያለ ደግሞ ጂፗ ኩባንያው ዘንድ ተመልሳ የምትታይበት ጊዜ ደረሰ። መንገዱን ሁሉ ኑዛዜዬን ስለማመድ ሄድኩ። ቡሎኑን አላጠበቃችሁትም ብዬ ልቆጣ አስብና፣ ቅቤው ትዝ ሲለኝ ቁጣዬ ይቀልጣል።

አቶ ተካልኝ ጂፗን ከሩቅ ሲያያት የያዘው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ። ሰላምታውም ሰላምታ አልሆነም። ያለወትሮው ራሱ ከጂፗ ሥር ገብቶ ቡሎኑን ፈታው። ጥቁሩ ዘይት ወረደ፤ ከዘይቱ ጋር የረጋ ነጭ ነገር ዘጭ ዘጭ እያለ ወረደ። ሽታው ጋራዡን ሞላው። መዶሻው ሁሉ ዝም አለ። ከጥግ አንድ ሠራተኛ "ማነው ምሳውን የከፈተ?" አለ።

አቶ ተካልኝ በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተ። አየኝ። በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ቢሮው አስገባኝና በሩን ዘጋው። አለቀልኝ አልኩ።

"አቶ ተካልኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው..." ብዬ ስጀምር እጁን አነሣ።

"መጀመሪያ እኔ ልናገር። ያን ቀን ዘይቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ቡሎኑን በእጄ አስገብቼ ማጥበቂያ ቁልፍ እንዳነሣሁ ዳይሬክተራችን ጠራኝ። ስመለስ ሠራተኞቹ ዘይቱን ሞልተው እርስዎን ሸኝተዋል። ማጥበቄንና አለማጥበቄን ማስታወስ አቃተኝ።" ላቡን ጠረገ። "ከዚያ ወዲህ ከነጌሌ የሚመጣ ሾፌር ባየሁ ቁጥር 'መንገድ ላይ የቆመ ጂፕ አላየህም?' እያልኩ ስጠይቅ ኖርኩ። ቴሌግራም ልልክ ፈለግኩ፣ ፈራሁ። ዳይሬክተሩ ቢሰማ በዚያው ቀን ያባርረኛል። ልጆች አሉኝ።"

ያ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ሰው፣ ለካ ሲፈራ ነው ዝቅ የሚያደርገው! ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ፤ የእናቴን ልጅ ያገኘሁ መሰለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። መብራቷን፣ በረዶውን፣ ሃዳ ጃተኒን። ቅቤው ላይ ስደርስ ዓይኑ ፈጠጠ።

"ለጋ ነው በሳል?"

"አቅልጠን አጥልለን ነው።"

"በስመ አብ!" አለና አማተበ። "እና አልነከሰም?"

"አልነከሰም።"

እኔ ስለ ቡሎኑ፣ እሱ ስለ ቅቤው ላንናገር ተማማልን። ሞተሩን አጠበልኝ፤ ቡሎኑን ራሱ አጠበቀ፤ አዲስ ዘይት እስከ አፉ ሞላ። ልሄድ መሪ ስጨብጥ ግን እሱም አልሸኝ አለኝ፣ እኔም አልሄድ አለኝ።

"አጥብቄዋለሁ አይደል?" አለኝ።

"አየሁዎት። ግን... አንድ ጊዜ እንይ?"

ሁለታችንም በጀርባችን ከጂፗ ሥር ገባን። እሱ ቁልፉን አሳርፎ ገፋ አደረገው። "ጥብቅ ነው። እስኪ እርስዎም ይሞክሩት።" ሞከርኩት። ጥቂት የዞረ መሰለኝ።

"ዞረ!" አልኩት።

"ዞረ? እንግዲያው አልጠበቀም ነበር!" ከእጄ ነጥቆ ገፋው። መልሶ ሰጠኝ፣ ገፋሁት። ተቀብሎኝ፣ ሁለት እግሩን ጎማው ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ባለው ጉልበት ሁሉ ገፋው።

ቀጭ አለ።

የቡሎኑ ራስ ተቆርጦ ደረቴ ላይ ወደቀ። የቀረውም ብዙ አልቆየም፤ አዲሱ ሠላሳ ቁጥር ዘይት ግንባራችን ላይ፣ ጢሙ ላይ፣ ነጭ ካፖርቱ ላይ ወረደብን። እኔ መዳፌን ደቀንኩ፤ እሱ አውራ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ወተፈ። በአውራ ጣቱ ጎንና ጎን ይፈሳል።

"ድምፅ አያሰሙ" አለኝ በሹክሹክታ። "ዳይሬክተሩ በዚህ ሰዓት ነው የሚዞረው። እስኪ በእርስዎ በኩል ይዩልኝ፣ ሰው አለ?"

አንገቴን አዞርኩ። ከጎማው አጠገብ ሁለት የሚያብረቀርቁ ጥቁር ጫማዎች ቆመዋል፤ ዘይቱም ቀስ እያለ ወደ እነሱ ይሄድ ነበር።